ስልኩ እኛ ጋ ነው፤ ዋጋው ግን ደላላው ጋ

የካቲት 2015 ላይ አጎቴ ሽንኩርታቸውን በኪሎ 18 ብር ሸጡ። እኔ እዚያው ማሳው ዳር ቆሜ ነበር። እጄ ላይ ስማርት ስልክ አለ፤ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ዲግሪዬ ተሰቅሏል። ደላላው ዋጋውን ሲጠራ አጎቴ ወደኔ ዞረው «አንተ የተማርከው ልጅ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስንት ነው?» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ጎግል ላይ ብፈልግ የሦስት ወር ዜና መጣልኝ። ፌስቡክ ገባሁ፤ «ሽንኩርት እሳት ሆነ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ፣ ከተለጠፈ ዓመት አልፎታል። ቴሌግራም ላይ የዶላር ምንዛሪ አለ፣ የፕሪሚየር ሊግ ውጤት አለ፣ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም አለ። የዚያን ቀን የሽንኩርት ዋጋ ብቻ የለም። ደላላው ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እሱ የያዛት ስልክ ቁልፍ የምትጫን፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ ናት። ግን ዋጋውን የሚያውቀው እሱ ነበር።

ማታ አዲስ አበባ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ለሚሠራ ዘመዱ ደወለ። መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ፦ የዚያን ቀን ጠዋት የጅምላ ዋጋው 29 ብር ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የ11 ብሩ ልዩነት ሁሉ ትርፍ አይደለም። የአይሱዙ ኪራይ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ጆንያ አለ፣ መንገድ ላይ የሚበላሸው አለ፣ ደላላውም ለድካሙ ይገባዋል። ይህን ሁሉ በልግስና ብቆጥረው በኪሎ ከ5 ብር አላለፈልኝም። አጎቴ ያስጫኑት 60 ኩንታል ነው። በኪሎ 6 ብር ብትሉት 36 ሺህ ብር ነው። ለእኛ ቤት ይህ የቀጣዩ ወቅት የዘር፣ የማዳበሪያና የፓምፕ ነዳጅ ገንዘብ ነው። የሄደው በአንድ የስልክ ጥሪ ምክንያት ነው፤ በጊዜው ያልተደወለ ጥሪ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ጆሮዬ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።

አገሬን ላስተዋውቃችሁ

አረርቲን ለማታውቁ፦ ሰሜን ሸዋ፣ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከተማዋን ባታውቋት እንኳ የምንጃርን ነጭ ጤፍ ሳትበሉ አልቀራችሁም። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ ስሙ «አረርቲ» ነው፤ የከተማችን ስም በዘር መልክ አገር ለአገር ይዞራል ማለት ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክም አለን። መስኖ ያለው ገበሬ ደግሞ ሽንኩርት ያለማል።

ታዲያ ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ጎተራ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ዋጋ ካልጣመህ እስከ ክረምት ትጠብቃለህ። ሽንኩርት ከደረሰ ደርሷል፣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሽንኩርት ለሚያመርት ሰው የሳምንት በፊት ዋጋ ታሪክ ነው። የሚያስፈልገው የዛሬ ጠዋት ዋጋ ነው።

የተሠራውን አንካድ

«በዚህ አገር ምንም አልተሠራም» የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ አይደለም የተነሳሁት። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀምር ገጠር አይገባም ያሉ ነበሩ። ዛሬ አጎቴ ራሳቸው በቴሌብር ገንዘብ ይቀበላሉ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል አገራዊ ስትራቴጂም ወጥቶ ብዙ ተነግሮለታል።

ለገበሬውም ቢሆን 8028 አለ። ሐምሌ 2006 ላይ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር ነው። ገበሬው ይደውላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ስለ አስተራረስ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የተቀዳ ምክር ይሰማል። የስንዴ ዋግን የመሰለ በሽታ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ይላክበታል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለውበታል። እኔ የምወድለት ነገር ግን ሌላ ነው፦ ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ዳታ አይፈልግም፣ ማንበብም አይፈልግም። ድምፅ ነው። የሠሩት ሰዎች ገበሬውን ያውቁታል።

ግን 8028 «እንዴት ልዝራ?» የሚለውን ነው የሚመልሰው። አጎቴ የጠየቁኝ «በስንት ልሽጥ?» ነው።

ይህ የኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገበሬዎች የሞባይል አጠቃቀም ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2015 «ወርልድ ዴቨሎፕመንት» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት አለ። ያገኙት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ስልክ የያዘው ገበሬ ብዙ ነው፤ ስልኩን የገበያ መረጃ ለመፈለግ የሚጠቀምበት ግን በጣም ጥቂት። ለምን? ደውሎ የሚያገኘው የሚረባ መረጃ ስለሌለ። ሳነበው ማሳው ዳር የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ገበሬው ስልክ አልቻለም አይደለም ነገሩ። ስልኩ ባዶ ነው።

ደላላው ጠላት ነው?

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲደርስ ደላላውን መሳደብ ይጀምራል። እኔ አልሳደብም። ከአንዱ ጋር ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቼ ጠይቄዋለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። አዲስ አበባ ሁለት ሰው፣ አዳማ አንድ ሰው ጋ ይደውላል። የትኛው ተራ ላይ ስንት መኪና እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ከዚያ የአይሱዙ ሹፌሮች ጋ ይደውላል። ጎህ ሲቀድ ዋጋውንም መኪናውንም ይዟል።

አስቡት እንግዲህ፦ ይህ ሰው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድርጅት ነው። ሠራተኛው አንድ ነው፣ ሰርቨሩ ጭንቅላቱ ነው። መረጃ ለማግኘት ዋጋ ከፍሏል፣ እንቅልፉን ከፍሏል፣ ስለዚህ ያተርፍበታል። ችግሩ እሱ ማወቁ አይደለም። እሱ ብቻ ማወቁ ነው።

ዋጋ ብቻ መንገር ጸጸት ማደል ነው

«እሺ፣ ዋጋውን በኤስኤምኤስ እንላክላቸዋ!» ትላላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሕንድ ውስጥ ግን ተሞክሯል፤ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ነው ያመጣው።

የመጀመሪያው በኬራላ ግዛት ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 የሞባይል ኔትወርክ በባሕሩ ዳርቻ ሲዘረጋ ሰርዲን የሚያጠምዱ ዓሣ አጥማጆች ላይ የሆነውን ተከታተለ። ከስልኩ በፊት አንዱ ዳርቻ ላይ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ይደፋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ገዢ ቆሞ ዓሣ ያጣል። ስልክ ሲመጣ አጥማጁ ባሕር ላይ ሆኖ ይደውልና ጀልባውን ጥሩ ዋጋ ወዳለበት ያዞራል። ዓሣ መድፋት ቀረ፣ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ጨመረ፣ ለሸማቹም ዋጋው በ4 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱም ተጠቀሙ።

ሁለተኛው በማሃራሽትራ ግዛት ነው። ማርሴል ፋፍሻምፕ እና ባርት ሚንተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ100 መንደሮች ውስጥ የሰብል ዋጋና የአየር ሁኔታ በኤስኤምኤስ የሚልክ አገልግሎት ለገበሬ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ፈተሹ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት፦ ገበሬው በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም።

ለምን? የኬራላው አጥማጅ ከመረጃው ጋር ጀልባ ነበረው። ዋጋውን ሲሰማ መሪውን ማዞር ይችላል። አጎቴ ግን «29 ብር ነው» ብላቸው ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? መኪና የላቸውም። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ ነው። የነዳጅ ዕዳ አለባቸው። ደላላው «እንግዲያው አልገዛም» ብሎ ቢሄድ ነገ 15 ብር ብሎ ነው የሚመጣው። እውነቱን ማወቃቸው የሚጨምርላቸው ጸጸት ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው ግብርናን ብቻውን ዲጂታል ማድረግ አይበቃም የምለው። ዋጋውና መኪናው አብረው ካልመጡ ዋጋው ዋጋ የለውም።

መኪናውስ የት አለ?

መኪና እኮ አለ። ሸቀጥና ሲሚንቶ አራግፈው ከአረርቲ ባዶአቸውን የሚወጡ አይሱዙዎች በዓይኔ አያለሁ። በዚያው ሰዓት ሌላ ቀበሌ ውስጥ ሽንኩርት መኪና አጥቶ ያድራል። ሹፌሩ ጭነቱን አያውቅም፣ ገበሬው ሹፌሩን አያውቅም። መሀል ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ አሁን ተዋውቃችሁታል።

ይህን ችግር አዲስ አበባ ለተሳፋሪ ፈትታዋለች። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ «ራይድ»ን ሲያመጣ የሠራው ነገር ይኸው ነው፦ ባዶ መኪናና መኪና የሚፈልግ ሰው እንዲተያዩ ማድረግ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ራይድ መተግበሪያ ለሌለው ሰውም በስልክ ጥሪ ይሠራል። እናቶቻችን ደውለው ነው የሚጠሩት። መተግበሪያው የፊት ለፊት በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ቤቱ ማን የት እንዳለ ማወቁ ነው።

ሌሊት ላይ የአልጋ ዋጋ

«ይሄ ሁሉ ለሽንኩርት?» እንዳትሉኝ አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

የጎረቤታችን ባለቤት ምጥ ያዛት። ነገሩ ሲከብድ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላት። አምቡላንሱ መጣ፣ ሌሊቱን ነዱ፣ ደረሱ። በሩ ላይ የተነገራቸው «አልጋ የለም» የሚል ነው። ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። ሁለተኛው ተቀበላቸው። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሁለት ሳምንት በማሞቂያ ክፍል ቆየ። ዛሬ ይሮጣል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እዚያ በር ላይ የባከነችውን ሰዓት አባቱ እስከ ዛሬ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

አዋላጇ ስልክ ነበራት። ሹፌሩ ስልክ ነበረው። ባልየው ስልክ ነበረው። የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ስልክ ነበረው። ባዶ አልጋ የት እንዳለ አስቀድሞ የነገራቸው ግን የለም። በሥርዓቱ ከሄድን ላይዘን የሚባል ክፍል አለ፤ ሪፈር ከመላኩ በፊት ተደውሎ ቦታ ይረጋገጣል። የዚያን ሌሊት ጥሪው አልተደወለም። እንደ አጎቴ ሽንኩርት፣ እዚህም የጎደለው በጊዜው ያልተደወለ አንድ ጥሪ ነው።

ጤናው ዘርፍ ዲጂታል አልሆነም ማለት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ብዙዎቹ ይዘውት የሚዞሩት የቤተሰብ ማህደር ወደ ታብሌት እየገባ ነው። ጤና ጣቢያዎችም ሪፖርታቸውን በኮምፒውተር ሥርዓት ይልካሉ። ጥሩ ነው። ግን መረጃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ተመልከቱ፦ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ሚኒስቴር። ወደ ላይ ብቻ ይወጣል። ከአንዱ ሆስፒታል በር ወደ ሌላው አምቡላንስ፣ ወደ ጎን ግን አይሄድም።

ግብርናውም እንዲሁ ነው። ምን ያህል ሄክታር በሽንኩርት እንደተሸፈነ ሪፖርት ወደ ላይ ይላካል። ያ መረጃ ተመልሶ ወርዶ አጎቴን «ዘንድሮ ሁሉም ሽንኩርት ተክሏል፣ ተጠንቀቁ» ብሏቸው አያውቅም።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህች ናት። ቴክኖሎጂያችን የሚያሳውቀው ሪፖርት የሚቀበለውን ነው፤ ውሳኔ ላይ የቆመውን ሰው አይደለም። ማሳ ዳር፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ አምቡላንስ ውስጥ ያለው ሰው አሁንም በግምት ነው የሚወስነው።

ሞክሬ የወደቅኩበት

ተቺ ብቻ አትበሉኝ፤ ሞክሬአለሁ። መጋቢት 2015 ላይ የሽንኩርት ዋጋ የሚለጠፍበት የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ይልካል፣ እኔ እለጥፋለሁ። አባላቱ በፍጥነት በዙ። ደስ አለኝ። ቆይቶ ማን እንደሆኑ ሳይ ግማሾቹ ተማሪዎች፣ የቀሩት ነጋዴዎችና ደላሎች ናቸው። ገበሬው የለበትም። የኔን ቻናል በደንብ የተጠቀመበት ቀድሞም መረጃ የነበረው ሰው ነው!

ከዚያ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ለወራት ቻናሌ ሞተ። ደላላው ግን ባለላስቲኳ ስልኩን ይዞ መሥራቱን ቀጠለ። ለምን? የሱ ሥርዓት በድምፅ ነው። ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ የምንሠራው ነገር በተራ ስልክ ካልሠራ ለገበሬ አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጎዳው ፌስቡክ የሚጠቀም ወጣት ብቻ አይደለም። መስመሩን የሚዘጋ ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ ቢያስገባ ጥሩ ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ድሮን አይደለም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አይደለም። አንድ አጭር ቁጥር ነው። ገበሬው ይደውላል፣ በነጻ፣ በአማርኛ። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ ዛሬ ሌሊት አዲስ አበባ ሽንኩርት በጅምላ ይህን ያህል፣ አዳማ ይህን ያህል፤ ከአረርቲ ባዶ የሚወጣ መኪና ከፈለጉ አንድን ይጫኑ። በቃ። ከኋላው የሚያስፈልገው አትክልት ተራ የሚውል አንድ ሰው፣ አረርቲ መናኸሪያና መጋዘን የሚዞር አንድ ሰው፣ ድምፅ የሚቀዳ አንድ ሰው ነው። ሥራ ፈት ተመራቂ ሞልቷል፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ማን ይክፈል? ነጋዴ ቢያዋጣው ኖሮ እስካሁን ይሠራው ነበር። መረጃ አንዴ ከተነገረ ጎረቤት ለጎረቤት ይነግረዋል፤ ሁለተኛውን ሰው ማስከፈል አይቻልም። ደላላው የሚያዋጣው ዋጋውን ስለሚደብቀው ነው። እኛ የምንፈልገው የማይደበቅ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ እንደ መንገድ፣ እንደ መብራት በጋራ መከፈል አለበት። የገበሬዎች ዩኒየንና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጀምሩት ነገር ነው። ሪፈር የሚቀባበሉ ሆስፒታሎችም በዚሁ መንገድ፣ ለአምቡላንስ ሹፌርና ለአዋላጅ ብቻ የሚሠራ የአልጋ መስመር ሊኖራቸው ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሰው «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይመዝግብ። ከዚህ ያነሰ ቴክኖሎጂ የለም።

እስከዚያው እኔ አሮጌውን ዘዴ ይዣለሁ። በመስኖ ወቅት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አትክልት ተራ ያለው ሰውዬ ጋ እደውላለሁ፣ ከዚያ ለአጎቴ እደውላለሁ። ባለፈው ወቅት ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው አንድ አይሱዙ በጋራ ተከራዩ። ሦስት ጊዜ ራሳቸው ጭነው ላኩ። ሁለቱ ጥሩ ሸጡ። በሦስተኛው ቀን ግን ከሌላ አካባቢ ብዙ ሽንኩርት ገብቶ ዋጋው ወደቀ፤ ከማሳ ዋጋ ብዙም ያልተሻለ አገኙ።

ተናደው እንዳይሆን ብዬ ማታ ደወልኩላቸው። «ምን ላድርግ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «አሁን እኮ ያሸነፈኝ ገበያው ነው። ድሮ ግን ያሸነፈኝ አለማወቄ ነበር።»

ይህን ከስልካችሁ ላይ የምታነቡ የገበሬ ልጆች፣ ነገ ጠዋት ማኅበራዊ ሚዲያ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ አባታችሁ ዛሬ የሚወስኑት ነገር ምንድን ነው? እሱን የሚያውቅ ሰውስ ማን ነው? ከዚያ ደውሉለት።